የአምስት ወር ሻንጣ

እስካሁን ስለ ይሄይስ ያወራኋችሁ ጣፋጭ ጣፋጩን ነው። ስለ ደብዳቤዎቹ፣ አንገቱን አቀርቅሮ ስለሚስቀው ሳቁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተሰርቀን ስለተያየንባቸው ሰንበቶች። መራራውን ለሌላ ቀን እያልኩ ሳቆይ ሰነበትኩ፤ ዛሬ ግን ሰበብ አለቀብኝ። ስለዚህ የዛሬው ስለዚያች ቅዳሜ ነው።

ገና አሁን የተቀላቀላችሁን እንዳትቸገሩ፣ እኔ ዓይናዲስ ነኝ፤ የሰቆጣው የመምህር ይግዛው ልጅ። ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው ስለ ፍየል መኖ ነው። «ፍየል ደግሞ በትምህርት ነው እንዴ የምትበላው» ያላለኝ ዘመድ የለም። ይሄይስ ከሰቆጣ ወዲያ ያለችው የዝቋላ ልጅ ነው፤ ዲያቆን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሊማር ሰቆጣ መጥቶ ከግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል ሦስት ዓመት ኖሯል። አባቴና እናቴ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። እኔ ግን አንድም ቀን እንደ ወንድም አይቼው አላውቅም።

በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ሲጠፋ፣ በኋላም መንገዱ ሲከፈት፣ በሹፌር እጅ እንጻጻፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሁሉ «ለተወደድሽ እህቴ» ብለው ይጀምራሉ፤ ጠያቂ ቢመጣ እንዲመች። አንዱ አባቴ እጅ ገብቶ አንብቦት ሲያበቃ «ይሄ ልጅ እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ አለው» ብሎ አድንቆ ሰጠኝ። የመጨረሻውን መስመር አላስተዋለውም፣ ወይም ያላስተዋለ መስሏል። አባቴን እስካሁን ልጠይቀው አልደፈርኩም።

እና ቅዳሜ ነው፤ መስከረም አጋማሽ። ማክሰኞ ንጋት ከሰቆጣ መኪና እሳፈራለሁ፤ ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ ወደ ቤልጂየም እበራለሁ። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው፤ አምስት ወር። አምና ተፈቅዶልኝ ፓስፖርቱ ሳይደርስ ስለቀረ አመለጠኝ፤ ዘንድሮ ካመለጠኝ ደግሞ ሦስተኛ የለም ብለውኛል። የተፈቀደልኝ አንድ ሻንጣ ነው፤ ሃያ ሦስት ኪሎ። የሰፈራችን ሰው ግን ሃያ ሦስት ኪሎ የሚባል ነገር አይገባውም።

እናቴ ውባንቺ በሶውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን አስገባች። የሰቆጣን ነጭ ማር በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ አፉን በፕላስተር ሦስት ዙር ጠምጥማ አስገባች። ጎረቤታችን እትዬ ጸሐይነሽ ጀርመን ላለው የእህታቸው ልጅ ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዘው መጡ። ቤልጂየምና ጀርመን አንድ አይደሉም ብላቸው ተቀየሙኝ፤ ሁለቱም ፈረንጅ አገር አይደሉም እንዴ፣ ልጅ ስትማር መታዘዝ ትተዋለች ማለት ነው አሉ። በርበሬውን ተቀበልኩ። የሚመጣው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ይስመኛል፤ ሲወጣ አንድ ነገር ጨምሮብኝ ይወጣል።

ክፍሌ ጠባብ ናት። ሻንጣው አልጋዬን ያዘው፣ ከሻንጣው የተረፈው ወንበሩን ያዘው፣ በሩ ከቁምሳጥኑ ጋር እየተጋጨ ግማሽ ብቻ ይከፈት ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ በጎን እየገባሁ በጎን ወጣሁ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን በገዛ ክፍሌ ትንፋሽ አጠረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሐሙስ ከሰዓት ከውጭ ስመለስ በመስኮቱ እናቴን አየኋት። ሻንጣዬን ከፍታ፣ ልብሱን ከፍ አድርጋ፣ ሰማያዊ ክላሰር ከሥሩ አስገባችና ልብሱን መልሳ አስተካከለችው። ስትወጣ ገብቼ አየሁት። የዲግሪዬ ኦርጅናል፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዶቼ፣ የልደት ምስክር ወረቀቴ፣ የክርስትና ካርዴ ሳይቀር አለበት። ትምህርት ቤቱ የጠየቀኝ ኮፒ ነው፤ ኮፒው በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጧል። ለአምስት ወር የሚሄድ ሰው ኦርጅናሉን ምን ያደርግለታል።

እናቴ ታላቅ ወንድሜን ጌታሁንን በጦርነቱ ቀብራለች። «አትመለሺ» ብላ በአፏ አልነገረችኝም፤ ወደፊትም የምትነግረኝ አይመስለኝም። ክላሰሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወደነበረበት መለስኩት፣ ዚፑን ዘጋሁት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባቴ ከማር ነጋዴው የሚንጠለጠለውን ሚዛን ተውሶ መጣ። ሻንጣውን ማንሳት ሲያቅተው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲጣራ ሰማሁ፤ የሚጣራው በደጁ የሚያልፈውን ይሄይስን ነበር። ከዝቋላ መምጣቱን እንኳ አላወቅሁም። ነጭ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም፤ ከስቷል። በእናቴ ፊት «እንዴት ሰነበትሽ» አለኝ፣ «ደኅና» አልኩት፤ ዓይኑ ግን ከእኔ አልፎ ሻንጣው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

ሻንጣው ሃያ ሰባት ኪሎ ሆነ። አባቴ አራቱን ኪሎ ምረጡና አውጡ፣ በርበሬው መጀመሪያ ይውጣ ብሎን፣ ጸሐይነሽን በወሬ ሊይዛቸው ወደ ግቢ ወጣ። እናቴ ምሳ ልታቀርብ ወደ ማድ ቤት ሄደች። በሩ ግማሹ ተከፍቶ ሁለታችን አልጋውን መሐል አድርገን ቀረን። እሱ ዕቃ ማውጣት ጀመረ። እጁ ሥራ ከያዘ አንደበቱ ይፈታል፤ ይህን ዓመሉን አውቀዋለሁ።

የነገረኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ዝቋላ ውስጥ ከጽጽቃ ወዲያ ያለችው ደብራቸው ሁለት ቄስ ነበራት፤ አንዱ አባቱ ቄስ አሥራተ ማርያም ናቸው፣ ሌላኛው በሐምሌ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ የለም። ክርስትና የሚነሳ ሕፃን የወለደ ሁሉ ግማሽ ቀን በእግር ይሄዳል። ጳጳሱ ስንት ዓመት መምጣት አቅቷቸው ቆይተው በጥቅምት ሊመጡ ነው፤ የደብሩ ሰው ይሄይስን አስጨንቆ ይዞታል። እሱም እንደሚካን ቃል ሰጥቷል።

ዲያቆን ቄስ ከመሆኑ በፊት በቁርባን ማግባት አለበት። የጳጳሱ እጅ ራሱ ላይ ካረፈ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ብትሞት፣ ብትጠፋ፣ ባሕር ማዶ ብትቀር፣ ሁለተኛ ካገባ ክህነቱን ይተዋል፤ ክህነቱን ካልተወ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ይኖራል። ይህን እኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ ይሄይስ «በጥቅምት» ሲል የቀረውን እሱ ሳይነግረኝ ቆጠርኩት።

አባቱ ጽጽቃ ወዳለ አንድ የቄስ ቤት ሽማግሌ ልከዋል። የልጅቷ ስም ጥሩሐረግ ነው። ደግ ልጅ ናት አሉ፣ ብሎ ራሱ ነገረኝ፤ ክፋት እንዲወራባት አልፈለገም። የልጅቷ ቤተሰብ ፈቅዷል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚጠብቁት ከእሱ ነው፤ ሰኞ መልስ ሊሰጣቸው ነው።

የእናቴን ማር ከሻንጣው አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ዞር አለ።

«ሁለት ሽማግሌ መምህሬ የኔታ ገብረ ኪዳን ቤት ቁጭ ብለዋል» አለኝ። «እሺ ካልሽኝ ከምሳ በኋላ አባትሽ ፊት ይቆማሉ። ነገ ከቅዳሴው ጋር ተክሊል ይደረግልናል፣ እንቆርባለን፤ የኔታ ተነጋግረውበታል። ማክሰኞ መንገድሽን ትሄጃለሽ። አላስቀርሽም፤ አምስት ወሩን እጠብቃለሁ።»

ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠበቅኩት። በሹፌር እጅ ደብዳቤ ስሰድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በዓይን ስፈልገው፣ ይህች አንዲት ጥያቄ ብትመጣ ብዬ ነው። መጣች፤ እኔ ግን ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ ማጠፍ ያዝኩ። እሱ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ እንደገና እጁን ወደ ሻንጣው ሰደደ። ልብሱ ላይ የተነጠፈውን ጋቢ ከፍ አደረገ። እጁ ከሻንጣው ሥር ደርሶ ቆመ።

ክላሰሩን አወጣው። የአብነት ተማሪ ያገኘውን ጽሑፍ ሳያነብ አያልፍም፤ ይሄይስም አንድ በአንድ ገለጠ። የዲግሪውን ማኅተም በአውራ ጣቱ ዳበሰው። የክርስትና ካርዴን እስከ መጨረሻው አነበበ። ድምፅ አላወጣም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እትዬ ጸሐይነሽ ግቢ ውስጥ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ክፍሉን ሞላው።

«ኮፒ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

«እናቴ ናት ያስገባችው» አልኩት።

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሲስቅ ያየሁት ሁሉ ያን ያህል አልነበረም። እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ያልኩት ውሸት የለበትም፤ ያስገባችው እናቴ ናት። ዝም ብል ነገ ከቀትር በፊት ሚስቱ ነኝ። የፊቱን ብርሃን እያየሁ ግን በዚህ ብርሃን ላይ ቆሜ አልቆርብም አልኩ።

«እኔ ግን አይቻታለሁ» አልኩት። «ሐሙስ ነው ያስገባችው። አይቼ፣ ከፍቼ፣ አንብቤ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አላወጣሁትም።»

ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ እኔም እቆጣ ነበር፤ ተጣልተን ብንለያይ ይቀለን ነበር። እሱ ግን ወረቀቶቹን ጫፍና ጫፋቸውን አስተካክሎ ወደ ክላሰሩ መለሳቸው።

«አውቄዋለሁ» አለ። «እናቴ ናት ስትይኝ ግን የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።»

እንዴት አወቅህ አልኩት። ደብዳቤዎቼን እንደሚያስቀምጣቸው፣ አንዳንዴም ደጋግሞ እንደሚያነባቸው ነገረኝ። ድሮ የምጽፍለት ደብዳቤ ሁሉ ውስጥ «ስመለስ» የሚል ቃል አለ፤ ስመለስ እንዲህ እናደርጋለን፣ ስመለስ እነግርሃለሁ። ከግንቦት ወዲህ፣ ቤልጂየም ከተፈቀደልኝ ወዲህ ማለት ነው፣ አራት ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። በአራቱም ውስጥ ያ ቃል የለም። እያገላበጠ ፈልጎ አጣው። እኔ ራሴ አላወቅሁትም ነበር።

«እና አውቀህ ነው ሽማግሌ ይዘህ የመጣኸው» አልኩት።

«አውቄ ነው።»

«ባልመለስስ?»

«ቄስ ሆኜ እኖራለሁ። ደብራችን ይቀደስባታል። ‹ሚስት አለህ ወይ› ሲሉኝ አለችኝ እላለሁ። ውሸት አይሆንብኝም።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ገበሬ ተረጋግቶ ነው የተናገረው። እኔ ግን ተናደድኩ፤ እልኸኛ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ሰው ዕድሜውን እንዲህ አድርጎ ይሰጣል ወይ? ይስጥ፤ የምትቀበለዋ ምን ዓይነት ሰው ትሁን? ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጅ ይወዳል፤ እትዬ ጸሐይነሽ ቤት የተወለደ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ የሚታቀፈው በእሱ ነበር። እሺ ብለው እሱን አስሬ እሄዳለሁ። ልቅር ብል ደግሞ እናቴ ሻንጣውን ስፈታ እያየች እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ሁለተኛ ልጇንም ቀበረች ማለት ነው። እመለሳለሁ ብዬ ልማልለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ እውነት ይሁን ውሸት ራሴም ስላላወቅሁ መልሼ ዘጋሁት። ክፍሏ ጠበበችብኝ። በሩ ግማሽ ክፍት ነው፤ መውጣት እችላለሁ፤ ግን ወደየት ልውጣ?

«አላደርገውም» አልኩት። «ሽማግሌዎቹን ወደ ቤታቸው ስደዳቸው። ሰኞ ለጥሩሐረግ ቤት እሺ በል።»

«ዓይኔን እያየሽ በይው።»

አየሁት። እንደዚያ ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም፤ ዓይናችን ሁልጊዜ በስርቆት ነበር የሚገናኘው።

«ጥሩሐረግን አግባ» አልኩት። «እኔን አትጠብቅ። እወድሃለሁ ይሄይስ። ብጠላህ ኖሮ እሺ እልህ ነበር።»

በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገረ። ልቡ ሲነካ ወደ እናቱ ቋንቋ ነው የሚሄደው። እኔ ከቋንቋው ግማሹን ነው የምሰማው፤ ያን ቀን የሰማሁት ግማሽ በቂዬ ስለነበር ምን አልክ አላልኩትም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክላሰሩን ራሱ ከሻንጣው ሥር አስቀመጠው። ጋቢውን ዘርግቶ አለበሰው። ዚፑን እየዘጋ ማዕዘኑ ላይ ሲይዝበት፣ ጨርቁን በጣቱ ወደ ውስጥ እየገፋ፣ ሳይቸኩል ዘጋው። እጁን ልይዘው ፈለግሁ፤ አልያዝኩትም። ያልያዝኩት እጅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሻንጣው ተመዘነ፤ ልክ ሆነ። ይሄይስ ነጠላውን አስተካክሎ መንገደኛ ነኝ ብሎ ሊወጣ ሲል አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ምሳ ከቀረበ በኋላ ከመምህር ይግዛው ቤት ማንም ወጥቶ አያውቅም። እናቴም «ልጄ፣ ስንት ወር ቆይተህ መጥተህ ሳትቀምስ ትሄዳለህ?» ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። ስለዚህ ከአንድ ትሪ በላን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እትዬ ጸሐይነሽ፣ እኔና እሱ። እናቴ ስታጎርሰው አየሁ። ጎረሰ፤ አመሰገናት። እኔ የበላሁት ትዝ አይለኝም። ሁሉም ስለ ብርዱ አገር ሲያወሩ፣ እሱ የሚጠየቀውን ብቻ እየመለሰ ነበር።

ምሳው ሲነሳ አባቴ እጁን እያደረቀ ፈገግ አለ።

«ዛሬ ቄስ የለንም፤ ዲያቆን ይበቃናል። በጥቅምት ትካናለህ አሉኝ፤ ከአሁኑ ተለማመድ። እስቲ መንገደኛዋን መርቅልን።»

ይሄይስ ዲያቆን አይመርቅም ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። አባቴ አልሰማውም፤ ቀድሞ ቆመ። ሁላችንም ቆምን። አባታችን ሆይ አደረስን። ከዚያ ይሄይስ መሬት መሬት እያየ ጀመረ። መንገዱን ያቅናልሽ አለ፤ አሜን አልን። ያሰብሽውን ያሳካልሽ አለ፤ አሜን አልን። ከክፉ ሰውና ከክፉ ብርድ ይጠብቅሽ ሲል እትዬ ጸሐይነሽ ሳቅ እያሉ አሜን አሉ። እዚያ ላይ ዝም አለ።

አባቴ የረሳ መስሎት ሊያግዘው ጎኑን ነካ አደረገው።

«በሰላም ይመልስሽ በላት እንጂ» አለው።

ይሄይስ ቀና ብሎ አየኝ። ማንም ሰው በዚያ ዓይን ውስጥ ምን እንዳለ አላወቀም፤ እኔ አወቅሁ። በጸሎት ላይ ቆሞ ውሸት እንዲናገር እየተጠየቀ ነው፤ ወይም ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የሚመኘውን እንዲናገር። የትኛው እንደሆነ የምወስነው እኔ ነኝ።

«በሰላም ይመልስሽ» አለ።

አባቴ አሜን አለ። እትዬ ጸሐይነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሜን አሉ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ወደ መሬት አየች፤ አሜን አላለችም። እኔም ቃሉን ፈለግሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላስብ የምለው ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን አልወጣ አለኝ። አባቴ እየሳቀ ዞሮ አየኝ። ሁሉም እኔን ይጠብቁ ጀመር፤ የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር የሚጠብቀኝ መሰለኝ፤ እንባዬም መጣ።

ይሄይስ ይህን አየ። ራሱን ዝቅ አደረገና፣ ራሱ በመረቀው ምርቃት ላይ፣ በእኔ ፈንታ ቀስ ብሎ «አሜን» አለልኝ።